የሳሎን ምድጃ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል፣ ድንጋዩም ይሰነጠቃል፤ መላው ምንድን ነው?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ሳሎን ውስጥ የተገነባ ትልቅ የድንጋይ ምድጃ ነው። አፉ ወርዱ 90፣ ቁመቱ 75 ሳ.ሜ.፤ የጭስ ማውጫው ውስጡ 22 በ22። የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ሲሆን የጣሪያው አናት ከጭስ ማውጫው 2 ሜትር ርቆ በ40 ሳ.ሜ. ይበልጠዋል። እሳት ሲያያዝ ጭሱ ሳሎኑን ይሞላል፤ ነፋስ ሲኖር ይብሳል። የውስጡ ግንብ ጥቁር ድንጋይ በሲሚንቶ ነው፤ መገጣጠሚያው ይረግፋል፣ ድንጋዩም አንዳንዴ ተሰንጥቆ ይፈናጠራል። ማገዶው ባሕር ዛፍ ነው። ይፍረስ ወይስ መላ አለው?

ግንበኛ፦
ምን በወጣው ይፈርሳል! አፉ ለጭስ ማውጫው ሰፍቶበት ነው። የማውጫው ስፋት ከአፉ ስፋት አንድ አሥረኛ ቢሆን ደግ ነው። ያንተ አፍ 6,750 ካሬ ሳ.ሜ.፣ ማውጫው 484 ብቻ፤ አንድ አሥራ አራተኛ ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ማርቆስ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ጭሱን ሽቅብ የሚስበው ኃይል ይደክማል።

ማውጫውን ማስፋት ከባድ ነውና አፉን አጥብብ። መጀመሪያ ሞክረው፦ እሳቱ በደንብ ሲነድ አንድ ላሜራ ከአፉ የላይኛው ጠርዝ ጀምረህ ሁለት ሁለት ሳ.ሜ. ዝቅ አድርግ። ጭሱ መውጣት ያቆመበት ቦታ ልክህ ነው። በሂሳቡ ቁመቱ ወደ 54 መውረድ አለበት፤ ወለሉን በአንድ ረድፍ ጡብ 6 ሳ.ሜ. ያህል ብታነሣው ከላይ የሚቀርህ 15 ሳ.ሜ. ላሜራ ነው። ወፍራም ላሜራ ይሁን፣ ስሱ በሙቀት ይጣመማል።

ጮቄ ሥር፦
የግንበኛው ልክ ነው፣ ግን የነፋሱን ነገር አይፈታውም። የጭስ ማውጫ ጫፍ በ3 ሜትር ዙሪያው ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 60 ሳ.ሜ. መብለጥ አለበት፤ ካለዚያ ነፋሱ የጣሪያውን አናት ተሻግሮ ቁልቁል ይጫነዋል። ያንተ 40 ስለሚያንስ አንድ ሙሉ ሜትር ይጨመርበት። በጡብ ቢሆን ይመረጣል። በቆርቆሮ ቱቦ ከሆነ 25 ሳ.ሜ. ዲያሜትር ያለው ከ22 በ22 ጋር እኩል ነው፤ በሦስት ሽቦ ወጥረህ እሰረው። ስስ ቱቦ ግን ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ጥቀርሻ ያበዛል። ጫፉ ላይ አንድ ሳ.ሜ. ያህል ቀዳዳ ያለው ወንፊት ሽቦ አድርግ፤ አጠገብህ የሣር ክዳን ወይም የጭድ ክምር ካለ ይሄ ለነገ አይባልም። ከዚያ የጠበበ ወንፊት በጥላሸት ይደፈናል።

ደግሞ የብረት በርና መስኮት ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ ጭስ አይወጣም። እሳት ስታያይዝ መስኮት 3 ሳ.ሜ. ገርበብ አድርግ፤ ቀዝቃዛውን ማውጫ በአንድ እፍኝ በሚነድ ደረቅ ጭራሮ፣ በምድጃው አፍ በኩል ወደ ማውጫው ሥር አስጠግተህ አሙቀው።

ግንበኛ፦
የውስጡን ረስቼው። ተራ የሲሚንቶ ቅልቅል የምድጃ እሳት አይችልም፣ እየደረቀ ይፈርሳል። ድንጋዩ ደግሞ ውኃ ይዞ ሲግል እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ይፈነዳል፤ የወንዝ ድንጋይ ሲሆን ይብሳል። ስለዚህ ውስጡን በእሳት ጡብ፣ ማለትም ኃይለኛ ሙቀት እንዲችል በተሠራ ጡብ፣ አልብሰው። ካጣህ በደንብ የተተኮሰ ሸክላ ጡብ፤ ማያያዣው የሸክላ ሠሪዎች አፈርና የተወቀጠ ገል፣ በወንፊት ተነፍቶ። ጭድ አትጨምር፣ ተቃጥሎ ቀዳዳ ይተዋል። መገጣጠሚያው በቀጠነ ቁጥር ይበረታል፤ ለእሳት ጡብ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በአዲሱ ጡብና በነባሩ ድንጋይ መካከል 1 ሳ.ሜ. ክፍተት ተው፤ ጡቡ ሲግል ይለጠጣል፣ መላወሻ ካጣ ድንጋዩን ይገፋዋል። ከዚያ ሦስት ሳምንት አድርቀህ፣ ለአንድ ሳምንት ትንንሽ እሳት ብቻ።

ፍልጥ፦
ማገዶውን ማንም አላነሣውም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ግማሹ ውኃ ነው፤ እሳቱ ውኃውን ሲያተን ይውልና ጭሱ ቀዝቅዞ ማውጫው ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ኅዳር ላይ ፍለጠው፣ ከመሬት 20 ሳ.ሜ. ከፍ አድርገህ ከላዩ ብቻ ከድነህ ደርድር፤ ለክረምቱ ይደርሳል። ርዝመቱ 40፣ ውፍረቱ ከ8 እስከ 12 ሳ.ሜ.። ሁለት ፍልጥ ስታጋጭ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርቋል፤ ጫፉ አረፋ ከደፈቀ አልደረቀም። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ጥሩ ፍም ይይዛል። ፅድ ፍንጣሪው ብዙ ነው፣ ያለ ሽቦ መከለያ አታንድደው።

ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይጠረግ። ብሩሽ ከሌለ ጆንያ በገለባ ሞልተህ ድንጋይ ጨምርበት፤ ከላይና ከታች በገመድ ታስሮ ሽቅብ ቁልቁል ይጎተት። የምድጃውን አፍ በእርጥብ አንሶላ ሸፍን።

የማርቆስ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ፍሙ እያለ የማውጫውን መዝጊያ ብንዘጋው ሙቀቱ አይቆይም?

ጮቄ ሥር፦
በፍጹም! ፍም ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ አይሸትም፣ ተኝቶ ያለ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ራስ ምታትና ማዞር ከመጣ ሁሉም ወዲያው ደጅ ይውጣ። መዝጊያው የሚዘጋው አመዱ እጅ ሲያስገቡበት ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። አመዱንም ክዳን ባለው የብረት ባልዲ እንጂ በማዳበሪያ ከረጢት አታውጣ፤ ረመጥ ውስጥ ውስጡን ለቀናት ይቆያል።