የአንድ ታጋይ ዘፋኝ ቅርስ አንድ ቤት ይግባ ወይስ ባለበት ይቀመጥ?

እህተ ሸክላ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ስለ ጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝና የመብት ታጋይ ፖል ሮብሰን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ትቶት ያለፈው ሁሉ ተበታትኗል። ወረቀቶቹ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ሌላ ስብስብ በርሊን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተቀምጧል፤ በመጨረሻ ዓመታቱ ከእህቱ ጋር የኖረበትን የፊላደልፊያ ቤት ደግሞ የሰፈሩ የባህል ማህበር ነው የያዘው። የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። እኛም ማህበር ጋር በቅርቡ ያረፈች የአንዲት ዘፋኝና የመብት ታጋይ ቴፖች አሉ። ደብዳቤዎቿ ሌላ ማህበር ጋር፣ ፎቶዎቿ ቤተሰቧ ጋር ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ «ወደ እኔ አምጡት» ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የማህደር ሠራተኛ፦
እህቴ፣ መበታተኑን እንደ ጉዳት ብቻ አትይው። የአሜሪካ መንግሥት በፖለቲካ አቋሙ የተነሳ በፈረንጆቹ 1950 የሮብሰንን ፓስፖርት ቀማው፤ የተመለሰለት በ1958 ነው። አገሩ ውስጥም የኮንሰርት አዳራሾች በር ዘጉበት። ተማሪ እያለ አገር ያወቀው የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር፣ የአሜሪካኑን ኳስ ማለቴ ነው፤ የኮሌጅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብ ውስጥ የገባው ግን በ1995 ነው፣ ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ! የበርሊኑ ማህደር በ1965 ሲቋቋም ሮብሰን ገና በሕይወት ነበር። ሁሉም ነገር አገሩ ውስጥ፣ ያውም አንድ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስንቱ በተረፈ?

ስለዚህ ዕቃውን ሳይሆን ዝርዝሩን አንድ አድርጉ። የትኛው ቴፕ፣ የትኛው ደብዳቤ ማን ጋር እንዳለ ሦስታችሁም የምታዩት አንድ መዝገብ ይኑር። ዋናው ባለበት ይቆይ፣ ቅጂው ለሁሉም ይድረስ። ደግሞ በቃል አትስማሙ። ማን ነው የሚፈቅደው፣ አንዱ ማህበር ቢፈርስ ዕቃው ወዴት ይሄዳል የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። እኔ በሠራሁበት አንድ ቦታ ይህ ባለመጻፉ ሰብሳቢው ሲሞቱ አሥራ ምናምን ካርቶን ወረቀት የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ድምፅ ቀጂ፦
በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ቴፕ ስብሰባችሁ እስኪያልቅ አይጠብቅም። አንድ ጊዜ ቆርቆሮውን ስከፍት የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ላዩ ላይ በእርሳስ «ኮንሰርት፣ ሁለተኛ ክፍል» ብቻ ነው የተጻፈው። ቴፑ ተጣሞ ነበር፤ አንዴ ብቻ አጫወትነው። ሽታው ቴፑ መበላሸት መጀመሩን ነው የሚናገረው፤ እንዲህ የሚሸተውን ለይታችሁ ቅድሚያ ስጡት። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ የቅጂው ጥራት በ24 ቢት፣ ከተቻለ በ96 ኪሎኸርዝ ይሁን፤ ድምፁን ሳትጨምቁ፣ ሳታጸዱ። የሚንኮሻኮሸውም ይግባ።

ለምን መሰላችሁ? ሮብሰን ፓስፖርት ተከልክሎ ሳለ በ1957 ከኒውዮርክ ሆኖ በአትላንቲክ የስልክ መስመር ዌልስ ውስጥ ለተሰበሰቡ የማዕድን ሠራተኞች ዘፈነላቸው። እነሱም መልሰው ዘፈኑለት። ቅጂው ዛሬም ይሰማል። ያንን የስልክ መስመር ድምፅ «እናጥራው» ብሎ የሚነካካ ሰው ሰውየው ለምን በስልክ እንደዘፈነም አብሮ ያጠፋዋል።

ተራማጅ፦
እኔ ትንሽ የምለየው እዚህ ላይ ነው። ትብብር ጥሩ ነው፣ ግን ትልልቆቹ ተቋማት ድምፁን ይወዳሉ፣ ትግሉን ይፈራሉ። በ1949 ኒውዮርክ ግዛት፣ ፒክስኪል ላይ የሮብሰንን ኮንሰርት ሊሰሙ የሄዱ ሰዎች በድንጋይ ተደብድበዋል። ይህን ትተሽ «ባለ ወፍራም ድምፁ ታላቅ ዘፋኝ» ብቻ ካልሽ ምኑን አስቀመጥሽው? ውላችሁ ውስጥ ይግባ፦ የሰልፍ ንግግሮቿ ከዘፈኖቿ እኩል ይገለበጡ፣ ገንዘብ የሚሰጥ አካልም ይውጣ ይግባ ብሎ አይምረጥ።

እህተ ሸክላ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ንግግሮቹን በፍጹም አላሰብኩባቸውም ነበር፤ ከቴፖቹ ግማሽ ያህሉ እነሱ ናቸው። ቅዳሜ ቤተሰቧንና ሌላውን ማህበር ጠርቻለሁ፣ በዝርዝሩ እንጀምራለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ፦ ደብዳቤዎቹ ውስጥ በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም አለ፣ አንዳንዱም ምስጢር ነው። እሱን እንዴት ታደርጉታላችሁ?

የማህደር ሠራተኛ፦
አሁኑኑ ገልብጡት፣ ግን ለሕዝብ አትክፈቱት። ለስንት ዓመት ተዘግቶ እንደሚቆይ ከቤተሰቡ ጋር ተስማሙና ቀኑን መዝገቡ ላይ ጻፉ። ባለስሞቹን ማግኘት ከቻላችሁ ደግሞ ጠይቋቸው፤ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።