እርከኑን አብረን ሠራን፣ ዝናቡ ሲገባ አፈረሱት። የት ጋ ነው የሳትኩት?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የግብርና ኤክስቴንሽን ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራበት ቦታ ተዳፋት ነው፤ ከላይኛው ማሳ ድንጋይ ካመለጠህ ታችኛው ማሳ ላይ ነው የምታገኘው። አምና ዝናቡ ሳይገባ ከ14 ገበሬዎች ጋር እርከን ሠራን። ስብሰባ ጠራሁ፣ ሁሉም እሺ አለ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ተፈረመ። እኔም «አሳታፊ» ብዬ ሪፖርት አደረግኩ።

ዘንድሮ ዞር ብዬ ሳይ አምስቱ እርከኑን አርሰውታል። አንዲት እናት ደግሞ መሃሉን ሰብረው ውሃ ማስወጫ አበጅተውለታል። ለምን ስላቸው «ልጄ፣ ስትለካ ውሃው በየት እንደሚመጣብኝ መች ጠየቅከኝ?» አሉኝ። ሌላው «እርከንህ ያመረተልኝ አይጥ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

አለቃዬ የሚጠይቀኝ በሜትር ነው። ስንት ሜትር ተሠራ? እውነቱን ለመናገር ታክቶኛል። ገበሬው የኔ ብሎ የሚይዘው ሥራ እንዴት ነው የሚጀመረው? ቲዎሪውን ተምሬዋለሁ፤ መሬት ላይ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ባለ ቱንቢ፦
ወንድሜ፣ ፊርማውን እርሳው። ስብሰባ ላይ ሰው እሺ የሚለው ቶሎ ወደ ሥራው ለመመለስ ነው።

ሴትዮዋ እኮ መልሱን ነግረውሃል። ዝናብ ሲጥል ሄደህ ማሳቸው ላይ ቁም። እሳቸው ይምሩህ፣ አንተ ከኋላ ተከተል። ጎርፉ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከጎረቤት ማሳ ወይም ከእግር መንገድ ነው። የአንድ ማሳ እርከን ማሳው ላይ ለወረደ ዝናብ እንጂ ከላይ ለሚለቀቅ ጎርፍ አይበቃም። ከራሱ በላይ መቀልበሻ ቦይ ከሌለው ይሞላና በደካማ ጎኑ ይፈነዳል። ሴትዮዋም የሰበሩት ሳይፈነዳባቸው ለማስተንፈስ ይሆናል።

መለኪያውንም ስጣቸው። ኤ-ፍሬም ታውቃለህ አይደል? ሁለት ሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት እንጨቶች አናታቸው ላይ ይታሰራሉ፤ መሃል አግዳሚ፣ ከአናቱ በገመድ የተንጠለጠለ ድንጋይ። ታቆመውና ገመዱ አግዳሚውን የነካበት ላይ ምልክት ታደርጋለህ። ሁለቱን እግሮች ቦታ አቀያይረህ ሌላ ምልክት። የሁለቱ መሃል ልኩ ነው፤ ገመዱ እዚያ ካረፈ እግሮቹ እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። እኔ ለዓመታት ተሸክሜው የምዞረው ራሴ ነበርኩ፣ ባለሙያ መስዬ። አንድ ቀን እግሬ ወለም ብሎኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሁለት ገበሬዎች አንስተውት መስመሩን ያለኔ ጨረሱት። አንድ ቦታ ብቻ ጠማማ ሆነብኝና ተናገርኩ። «እዚህ ጋ በሬው አይዞርም» አሉኝ። ዝም አልኩ።

የኮረብታው ልጅ፦
ከፊሊፒንስ አንድ ነገር ልጨምር። ሚንዳናዎ ውስጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳልት የሚባል ዘዴ ወጣ። በየአራት አምስት ሜትሩ፣ ኮንቱሩን (እኩል ከፍታ ያለውን መስመር) ተከትሎ፣ ለአፈሩ ናይትሮጅን የሚሰጡ ቁጥቋጦዎች በድርብ ረድፍ ይተከላሉ፤ እየተከረከሙ ቅጠላቸው ማሳው ላይ ይነሰነሳል። አፈር ይይዛል። ግን ክርከማው ጉልበት ይበላል። ክላቬሪያ የሚባለው ቦታ ያሉ ገበሬዎች ቁጥቋጦውን ትተው፣ በኮንቱሩ ላይ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ሳያርሱ መተው ጀመሩ። ሣሩ በራሱ በቀለ። ችግኝ የለ፣ ግዢ የለ። ተመራማሪዎቹ ያጠኑት ከገበሬው በኋላ ነው! ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ላንድኬር የተባሉ የገበሬ ቡድኖች እርስ በርስ እያስተማሩ አስፋፉት።

እንከን አለው። አፈሩ እየተንሸራተተ ታች ስለሚከማች ከእያንዳንዱ የሣር መስመር ዝቅ ብሎ ያለው ሰቅ ይራቆታል፤ በቆሎው እዚያ ላይ ቢጫ ይሆናል። ፍግ ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ ይግባ።

ኮስታራው፦
ሁላችሁም መሬቱ የማን እንደሆነ አልጠየቃችሁም። ለአንድ ዓመት የተከራየ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚጠቅም እርከን ወገቡን አይሰብርም። ያረሱት አምስቱ እነማን ናቸው? አይጡንም አትናቁ። ሣሩ ካልታጨደ ይራባል። ከብት ያለው ያጭደዋል፤ የሌለው ምን ብሎ?

ጀማሪው፦
ተመለስኩ። ከአምስቱ ሦስቱ ተከራዮች ናቸው። አፈርኩ፣ መዝገቤ ላይ እንኳ አልነበረም።

ማክሰኞ በዝናብ ከሴትዮዋ ጋር ወጣሁ። ጎርፉ የሚገባው ከእግር መንገዱ ነው፣ በአንዲት ክንድ በማትሞላ ጥግ። እሷን ለመዝጋት አንድ ከረጢት አፈር አስቀምጠው ነበር፤ አምና ስለካ ተራምጄው አልፌያለሁ። ቅዳሜ መቀልበሻ ቦይ ልንቆፍር ነው፣ መነሻውን እሳቸው ያመለክታሉ። ለአለቃዬ የዚህ ወር ሜትሬ ዜሮ ነው።

አንድ ጣጣ ቀረኝ። ቦዩ ወደ ተፈጥሮው የውሃ መውረጃ እንዲደርስ በጎረቤት ማሳ ጥግ ማለፍ አለበት። ሰውዬው ደግሞ ከሴትዮዋ ጋር አይነጋገሩም። ጋሼ ባለ ቱንቢ፣ እንዲህ ሲያጋጥምህ ምን አደረግክ?

ባለ ቱንቢ፦
ቅዳሜን ተወው። መጀመሪያ ሰውዬውንም በዝናብ አውጣቸው፤ ለብቻቸው።