በክረምት ካቴና በየሳምንቱ ይላላል፣ የኋላ ፍሬን ይግላል፦ ምክንያቱ ምን ይሆን?

የቢቸና ሞተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሞተሩ 150 ሲሲ ቦክሰር ነው፤ የኋላ ፍሬኑ ባለ ታምቡር። ከቢቸና ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይመላለሳል፣ ብዙ ጊዜ ሰው ያፈናጥጣል። ካቴናው በየሳምንቱ ይላላል። አጥብቄው በወጣሁ ቀን ደግሞ የኋላው ታምቡር እጅ አያስነካም። ዋልካ ላይ ስገባ የፊት ጎማው ጭቃ ይሞላና አልዞር ይላል። ሰሞኑን በደጀን አድርጌ ዓባይን መሻገር አለብኝ። ከዚያ በፊት ምን ላስተካክል?

መካኒክ ከማርቆስ፦
ወንድምዓለም፣ ካቴናውና ፍሬኑ የተያያዙ ናቸው። ካቴና ሲጠብቅ የኋላ ጎማው ወደ ኋላ ይሳባል። ፍሬኑ ከፔዳሉ ጋር የተገናኘው በብረት ዘንግ ስለሆነ ጎማው ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ዘንጉ ይወጠራል፤ የፍሬኑ ሸራም (ታምቡሩን ከውስጥ ይዞ የሚያቆመው) ሳትረግጠው ታምቡሩን እያሸ ይውላል። የሚያግለው ይኸው ነው። ካቴና ባጠበቅህ ቁጥር በዘንጉ ጫፍ ያለውን ዳዶ አላላ። ፔዳሉ ፍሬን መያዝ ከመጀመሩ በፊት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር በነፃ መውረድ አለበት። ሞተሩን በመሐል ስታንድ አቁመህ ጎማውን በእጅህ አዙረው፤ የሚያሽ ድምፅ ከሰማህ ገና አልላላም።

ካቴናውን የምትለካው የታችኛውን መስመር መሐል በጣትህ ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው፤ ጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይሁን። አንድ ቦታ ለክተህ ግን እንዳትተው። ያረጀ ካቴና እኩል አይረዝምም፤ ጎማውን ቀስ እያልህ አዙርና በጣም በሚወጠርበት ቦታ ለካ። በላላው በኩል ለክተህ ካጠበቅኸው የተወጠረው ሲደርስ የካምቢዮውን ኩሽኔታ ይጎዳል። ለማስተካከል የጎማውን ፔርኖ (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ) ዳዶ አላላና የግራና የቀኙን ማስተካከያ ሩብ ሩብ ዙር እኩል አዙር፤ በሁለቱም በኩል ያሉት ምልክቶች ካልተመሳሰሉ ጎማው ተጣሞ ጥርሱን (ካቴናው የሚዞርበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት) በጎን ይበላዋል።

በየሳምንቱ የሚላላ ከሆነ ግን እኔ እንደማየው ካቴናው አልቋል። ከኋላው ጥርስ ላይ ወደ ኋላ ጎትተው፤ ከጥርሱ ግማሹ ከታየህ መቀየር አለበት። ስትቀይር የፊቱንና የኋላውን ጥርስ አብረህ ቀይር፤ አሮጌ ጥርስ ላይ የገባ አዲስ ካቴና ቶሎ ያልቃል፣ ገንዘብህን ሁለት ጊዜ ታወጣለህ። የማያያዣው ክሊፕ ድፍን ወገን ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር። ተገልብጦ ከገባ ድንጋይ ወይም ጭቃ ገፍቶ ያወጣዋል።

ጮቄ ሥር፦
ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ካቴና ላይ ግሪስ የምትቀቡ እባካችሁ ተዉ። ግሪስ ወደ ፒኑ ውስጥ አይገባም፤ ውጭውን ይዞ አሸዋ ይሰበስባል፣ አሸዋው ደግሞ ጥርሱን ይሞርደዋል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይትም የብረት ብናኝ አለበት። በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ከዚያ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በታችኛው መስመር በውስጠኛው ወገን ጠብ ጠብ አድርግ። ማታ ከሥራ ስትመለስ ካቴናው ሞቅ እንዳለ ብታደርገው ሌሊቱን ይሰርጋል፤ ጠዋት ትርፉን ጥረገው። በዝናብ ሰሞን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ያስፈልገዋል። ጎማውን ግን በእጅ ብቻ አዙር። ሞተር አስነሥቶ ማርሽ አስገብቶ በጨርቅ መጥረግ ጣት ያስቆርጣል።

ዋልካውን በተመለከተ፣ ጭቃው የሚጠቀጠቀው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ነው። መከላከያውን በሮንዴላ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የፊቱን ሞላ እስከ መጨረሻው ተጫንና ከላይ የሚነካው ነገር አለመኖሩን እይ። የጎማውን ነፋስም ትንሽ መቀነስ ይረዳል። ብቻህን ስትሆን የፊቱ 25፣ የኋላው 28 ፒኤስአይ ከነበረ፣ ጭቃ ላይ ወደ 20 አውርደው። ከዚያ በታች ካወረድኸው ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካለመዳሪውን (የውስጥ ጎማውን) ቫልቭ ይገነጥለዋል። አስፋልት ስትወጣ መልሰህ ሙላ፤ ካፈናጠጥህ የኋላውን 32 አድርሰው።

የቢቸና ሞተረኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጥርሱን አየሁት፣ እውነትም ወደ አንድ ወገን ተጋድሟል፤ ሦስቱንም እቀይራለሁ። የዓባይ ቁልቁለትስ? ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍታችሁ ውረዱ የሚሉ አሉ።

መካኒክ ከማርቆስ፦
በፍጹም እንዳታደርገው! ከደጀን እስከ ድልድዩ በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። ሞተሩ ከጠፋ ወይም ማርሹ ዜሮ ከሆነ ክብደቱን ሁሉ የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው፤ ሸራው ሲግል ደግሞ ብትረግጠውም አይይዝም። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፣ ብዙውን በሁለተኛና በሦስተኛ። ፍሬኑን ረግጠህ አትቆይ፦ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቅ፣ ታምቡሩ በመካከሉ ይቀዘቅዛል። የሸራ ሽታ ከመጣህ ከመንገዱ ወጥተህ ቁም፤ ውኃ ግን አታፍስበት፣ የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል። አስፋልቱ መሬቱ እየተንሸራተተ የተጣጠፈበት ቦታ አለ፤ ከከባድ መኪና የፈሰሰ ዘይትም አይጠፋም፤ ዝናብ ከጣለ በዘይቱ መስመር ላይ ፍሬን አትያዝ።

ጮቄ ሥር፦
የተፈናጠጠ ሰው ካለህ ከደጀን ሳትነሣ የኋላውን ሸራ ውፍረት አስፈትሽ። ታምቡሩን ስታስከፍት ብናኙን በአፍ አትንፋው፣ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በረጠበ ጨርቅ ጥረገው።