ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አዳማ ላይ ቤት ይሆናል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር ገዝቼ አዳማ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ላደርገው ነው። ቦታው ዋልካ (ጥቁር ጭቃ አፈር) ነው። ሥሩን ሙሉ በሙሉ አርማታ ልሙላው? ሙቀቱንስ በምን ልቻለው?

በያጁ
ሳትከፍል በፊት ቁመቱን ለካ። መደበኛው ከውጭ ሲለካ 2.59 ሜትር ነው፤ ፎምና ኮርኒስ ሲገባበት ጭንቅላትህ ላይ ይመጣል። 2.89 የሆነውን ሃይ ኪዩብ ፈልግ። ውስጥ ገብተህ በሩን አስዘጋና ቀና በል፤ ጣሪያው ከተበሳ ብርሃኑ ያጋልጠዋል። የወለሉ ኮምፔርሳቶ ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ የተነከረ ስለሆነ አንሳው፣ ካልሆነም በኢፖክሲ ድፈነው።

ብዙ ቤት የሚበላሸው መስኮት ሲቆረጥ ነው። ሽንሽኑ ላሜራ ግድግዳ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ጣሪያውንም ደግፎ ይዟል። የቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ፍሬምህን አስቀድመህ ጨርስ፤ አንዱን ቆርጠህ ፍሬሙን ሳትበይድ ሌላውን አትንካ። ላሜራው 2 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ብየዳውን ነጥብ ነጥብ እያደረግክ ቦታ አፈራርቅ፣ አለዚያ ይጣመማል። ቀለሙን ሳትፍቅ አትበይድ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ፎርማን
ሙሉ አርማታ ብር ማባከን ነው። ኮንቴይነር ጭነቱን የሚያሳርፈው በአራቱ ማዕዘን ነው። ማዕዘኖቹ ሥር አራት፣ መሃል ላይ ግራና ቀኝ ሁለት መሠረት ይበቃል። ግን ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ቆፍረህ አውጣውና ገረጋንቲ በየ20 ሳንቲሙ እየጠቀጠቅክ ሙላ። የስድስቱንም ጫፍ በውሃ ልክ አስተካክል። አንዱ ማዕዘን ትንሽ ቢሰምጥ መጀመሪያ የሚነግርህ አልዘጋ የሚለው በር ነው። ክሬን ከመጥራትህ በፊትም የመንገዱን የመብራት ሽቦ እይ።

ጥላ ይቅደም
ከፎም በፊት ሁለተኛ ጣሪያ። ከኮንቴይነሩ 40 ሳንቲም ከፍ አድርገህ ቆርቆሮ ምታ፣ ዳርና ዳሩን ክፍት ተወው፤ ፀሐዩ እዚያው ይቀራል። እግሮቹን ከማዕዘን ምሰሶዎቹ ጋር በይድ እንጂ ከጣሪያው ላሜራ ጋር አይሁን። የአዳማ ነፋስ ተርባይን የተተከለለት ነው፣ ለቆርቆሮህ አይራራም። ከውስጥ 5 ሳንቲም ፎም፣ ማሰሪያው ሞራሌ (እንጨት) ይሁን፤ ብረት ካደረግከው ሙቀቱን እየሳበ ያስገባዋል። ፎሙ ከላሜራው ጋር ይጣበቅ፤ ክፍተት ካለ ሌሊት ላብ ይዞ ከኋላ ያዝገዋል።

በያጁ
ኧርዙንም (ወደ መሬት የሚወርደውን ሽቦ) እንዳትረሳ። ቤቱ በሙሉ ብረት ነው፣ አንድ የተላጠ ሽቦ ሁሉንም ግድግዳ ያስነዝራል። ኧርዙን ከራሱ ከብረቱ ጋር አሳስር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋ ባለ 30 ሚሊ አምፒር ብሬከርም አስገባ።