አይጦቹ በአዲሱ ሳጥን ውስጥም ለምን ይደርቃሉ?

ጥናቴ አይጦች ቦታን ከፍርሃት ጋር አያይዘው ስለሚያስታውሱበት ሁኔታ ነው። ብላክ 6 የተባለ የላቦራቶሪ ዝርያ አይጦችን ሳጥን «ሀ» ውስጥ 3 ደቂቃ ካቆየሁ በኋላ በየደቂቃው አንድ፣ በጠቅላላው 3 የኤሌክትሪክ ንዝረት (0.7 ሚሊአምፔር፣ 2 ሰከንድ) በእግራቸው እሰጣለሁ። ከ24 ሰዓት በኋላ እዚያው ሲመለሱ ከጊዜው 60 በመቶውን በፍርሃት ደርቀው (ሳይንቀሳቀሱ) ይቆማሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ችግሩ ንዝረት ባልተሰጣቸው አዲስ ሳጥን «ለ» ውስጥም 50 በመቶ መድረቃቸው ነው። ከንዝረቱ በፊት ከ5 በመቶ በታች ነበር።

የ«ለ»ን ወለል በለስላሳ ፕላስቲክ ሸፍኛለሁ፣ ግድግዳውን ክብ አድርጌያለሁ፣ ማጽጃውንም ከአልኮል ወደ 1 በመቶ አሴቲክ አሲድ ቀይሬያለሁ። ንዝረቱን ወደ 0.5 ሚሊአምፔር ሳወርደው መድረቃቸው በሁለቱም ሳጥን እኩል ቀነሰ፤ ልዩነቱ አልሰፋም። ያልነካሁት የማመላለሻ ጋሪውን፣ ክፍሉንና የማራገቢያውን ድምፅ ነው። በተለይ ጋሪውን እጠረጥራለሁ፤ ንዝረቱን የሚያስታውሳቸው ጉዞው ራሱ ሊሆን ይችላል።

ለ«ለ» ሌላ ጋሪና ሌላ ክፍል ከመጠቀምና የንዝረቱን ብዛት ወደ 1 ከማውረድ የትኛውን ላስቀድም?