«ጭንቀት የሌለበት ማን አለ?» ተብሎ የተመለሰው የእህቴ ወረቀት

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ያ ጀመዓ፣ ዛሬ ደሜ ፈልቷል። እህቴ ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሰራው። ስሙን አልጠራም። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥታለች። ሸለብ ሲያደርጋት እንኳ ጣቷ አያርፍም፤ ጨርቅ ወደ መርፌ የምትገፋ ነው የሚመስለው። ደሴ ወሰድኳት። ሐኪሟ የ10 ቀን ሲክ ሊቭ ጻፈችላት። አለቃዋ ወረቀቱን አነበበና በአንድ ጣቱ ገፍቶ መለሰላት። «ጭንቀት የሌለበት ማን አለ?» አላት። 10ሩም ቀን ከደመወዟ ተቆረጠ። ይሄ ፍትሕ ነው?

ላይን መሪ፦
እህትህን አላህ ያሽርልህ። ግን አለቃውም ሰው ነው። እኔ ፋብሪካ ውስጥ ላይን፣ ማለት አንድ የማምረቻ መስመር፣ እመራለሁ። አራት ልጅ ከቀረ ታርጌቱ አይቀነስም፤ የቀሩት ላይ ነው የሚወድቀው። ወረቀት በገንዘብ የሚያጽፉም አይቻለሁ። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ጭንቀት የሌለበት ማን አለ?

ነርሷ፦
ራስ ምታት የማያውቀው ሰውም የለም። ማጅራት ገትር የያዘውን «ሁላችንንም ያመናል» ብለህ ወደ ማሽን ትመልሰዋለህ?

ላይን መሪ፦
ማጅራት ገትር በምርመራ ይታያል። ጭንቀት በምን ይታያል?

ነርሷ፦
የወገብ ሕመምስ ሁሌ በራጅ ይታያል? ሐኪም ዝም ብሎ አይጽፍም። እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ ምግብ ትበያለሽ ወይ፣ ስንት ሳምንት ሆነሽ፣ መሞት ያሰኝሻል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የመጨረሻውን ጥያቄ ስንጠይቅ ስንቷ ዝም ብላ እንደምታለቅስ ብታይ ይሄን ቃል አትደግመውም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በድባቴና በጭንቀት ብቻ በዓመት 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ይባክናል ይላል። ያ ሁሉ ሰው ወረቀት ገዝቶ ነው?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ እኛ በ77 ድርቅ ስንቱን ቀብረናል። በ2014 ጦርነት ደሴን ጥለን በእግራችን ወጥተናል። ማን ሲክ ሊቭ ጠየቀ? ወዳጃ ተቀመጥን፣ ዱዓ አደረግን፣ ከአቦል እስከ በረካ ተጽናናን፣ ወደ ሥራችን ተመለስን። የዛሬ ልጅ ቶሎ ይሰበራል።

እመ ሁለት፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማን እንደተመለሰ ብቻ አይንገሩን። ማን እንዳልተመለሰም ይንገሩን። አባቴ ከ2014 ወዲህ ሱቁን ከፍቶ አያውቅም። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ አለ። ጠዋት ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ያስገባዋል። ወዳጃው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ድኗል ማለት አይደለም።

የሐይቅ ሰው፦
ወዳጃን ለምን ታጣጥላላችሁ? የወሎ ሰው እስላም ክርስቲያን ሳይል አብሮ ዱዓ ያደረገበት ነው!

እመ ሁለት፦
ማን አጣጣለ? እኔም እቀመጣለሁ። መድኃኒትም እውጣለሁ። ሁለቱ መቼ ተጣሉ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ያባትሽን ነገር አላወቅሁም። አላህ ያሽረው። እኔ ግን ስለ ወጣቶቹ ነው ያልኩት።

የሠራተኛ ጉዳይ፦
ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ታሞ መሥራት ካልቻለ የሕመም ፈቃድ ያገኛል ይላል። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የቀረው 3 ወር ያለ ክፍያ። የአካል ሕመም ብቻ አይልም። 10 ቀን ሙሉ ደመወዙ ውስጥ ነው። የሚጠበቅባት ቢዘገይ በማግስቱ ማሳወቅና የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ነው። አለቃው ሐኪም አይደለም።

ላይን መሪ፦
እሺ፣ ሥራው ነው ያሳመማት ካላችሁ ግን ያ የሥራ ላይ ጉዳት ነው። ሌላ አንቀጽ ነው። ምረጡ።

የሠራተኛ ጉዳይ፦
ምርጫው የእሷ ሸክም አይደለም። በሥራ ምክንያት የመጣ መሆኑን ማስረዳት ረጅም መንገድ ነው። አሁን የያዘችው ወረቀት ለሕመም ፈቃዱ ይበቃታል።

ላይን መሪ፦
ታዲያ የሐሰተኛውን ወረቀት ማን ይለየው?

ነርሷ፦
ከጠረጠርክ ማኅተሙን የሰጠውን ጤና ተቋም ጠይቅ። ገና ለገና ይዋሹ ይሆናል ብለህ የታመመችውን አትቅጣ። «ጭንቀት የሌለበት ማን አለ» ማጣሪያ አይደለም።

ላይን መሪ፦
አንቺ ያን ቃል ለቀቅ አድርጊው እንጂ!

ነርሷ፦
አለቃው ይልቀቀው። እሱ ነው ደመወዝ የቆረጠበት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ፦
ነገ አብሬያት እገባለሁ። ወረቀቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ይዛዋለች፣ እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። ሰርቪሱ 11 ሰዓት ሌሊት ነው፣ ግን ሳትነቃ አልቀረችም፣ አሁንም ጓዳ ኮቴዋ ይሰማኛል።

ላይን መሪ፦
ዋናውን አትስጣቸው። ኮፒ አስቀርና «ተቀብያለሁ» ብለው ይፈርሙልህ። ቀን ይጻፍበት። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።