የሒሳብ ክፍለ ጊዜን ስንታዘብ ምን እንመልከት?

ጥያቄ፦
በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነኝ። ለክፍል ምልከታ የተሰጠኝ ቅጽ የትምህርት ዕቅድ መኖሩን፣ የሰሌዳ አጠቃቀምን፣ የቡድን ሥራ መሰጠቱንና የሰዓት አጠቃቀምን በነጥብ ያስሞላል። ባለፈው ሳምንት ይህን ሁሉ ያሟሉ አንዲት ባልደረባዬ ክፍልፋይ ሲያስተምሩ ታዝቤ ከፍተኛ ነጥብ ሰጠኋቸው፤ ስወጣ ግን አንዲት ተማሪ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብላ በደብተሯ ጽፋ አየሁ። ቅጹ የማያሳየኝን ነገር እንዴት ልታዘብ?

መልስ፣ ከቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦
ቅጹን በክፍለ ጊዜው ውስጥ አይሙሉት። ወረቀት በሁለት ዓምድ ከፍለው በአንዱ የመምህሯን፣ በሌላው የተማሪዎችን ንግግርና ሥራ ከነደቂቃው ይመዝግቡ። ከዚያ አንድ መልመጃ ይምረጡና ማሰብን የሚጠይቀው ጥያቄ ተማሪው ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሆነ ይከታተሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የሰባት አገሮች የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት በቪዲዮ ሲጠና፣ ተማሪዎች የሐሳቦችን ግንኙነት እንዲያስተውሉ ተብለው የተዘጋጁ ጥያቄዎች በአሜሪካ ክፍሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአሠራሩ ሂደት ወደ ተራ ስሌት ወይም መልስ መንገር ወርደው ተገኝተዋል፤ በቼክ ሪፐብሊክ ግን ግማሽ ያህሉ እንደታሰቡት ተሠርተዋል። ልዩነቱ ያለው በጥያቄው አያያዝ ላይ ነው፤ ይህን ደግሞ የሰሌዳ አጠቃቀም ነጥብ አይነግርዎትም።

መልስ፣ ከሒሳብ መምህርት፦
ተማሪዋ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ጋር ደምራለች፤ ስሕተቱ በብዙ ክፍል የሚታይ ነው። መምህሯ «ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልጊ» ብለው ካለፉ ተማሪዋ ደንብ ብቻ ትይዛለች። «2/5 ከ1/2 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለው ከጠየቋት ግን ድምሩ ከአንዱ ተደማሪ አንሶ መገኘቱን ራሷ ታያለች። እኔ ብታዘብ አስቀድሜ የምመዘግበው የስሕተቱን መኖር ሳይሆን፣ ስሕተቱ ከታየ በኋላ የሆነውን ነው።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። በክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪዎች ስላሉ የሁሉንም ሥራ ማየት ግን አልችልም።

መልስ፣ ከቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦
የአራት ተማሪዎችን ደብተር ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከታተሉ፤ ሁለቱ እጃቸውን ከማያወጡት ይሁኑ። በአንድ ምልከታ ብቻም ነጥብ አይስጡ፤ በሌላ ርዕስ፣ ከተቻለም ከሌላ ታዛቢ ጋር ይመለሱና ማስታወሻውን ከመምህሯ ጋር አብረው ያንብቡት።